አባቴ የተማሯቸው የወዳጅ ቃላት

አባቴ ከእኔ ጋር ለመኖር ስዊድን፣ ስቶክሆልም ዳር ወዳለችው አልቢ ሲመጡ በከተማው ውስጥ «አንተ» ብሎ የሚጠራቸው ሰው አልነበረም። ሲሰሙት ትንሽ ነገር ይመስላል። እኛ ልጆቻቸው «አንቱ» እያልን ነው ያደግነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያገኟቸው የአገር ልጆች በዕድሜ ስለሚያንሷቸው እጅ ይነሳሉ፣ ወንበር ይለቃሉ፣ «እንደምን ሰነበቱ» ይሉና ወደየእኩዮቻቸው ዘወር ይላሉ። ስዊድኖቹ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የሚሉት፤ ግን አባቴ ስዊድንኛ ስለማይሰሙ እሱ አይቆጠርም። እናቴ ካረፈች ወዲህ በዓለም ላይ «አንተ» የሚላቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር የቀረው፤ አዲስ አበባ የሚኖሩት አብሮ አደጋቸው። አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ በስልክ ካርድ ይደውሉላቸዋል። ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብለው የቆዩት አባቴ ያን ቀን ድምፃቸው ይወጣል፤ ይስቃሉ፣ ይሳደባሉ፣ «ዝም በል አንተ ውሸታም!» ይላሉ። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ካርዱ ሲያልቅ ቤቱ ተመልሶ ጭር ይላል።

ይህ የሆነው የእኛ ሚሌኒየም ሊከበር ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። እኔ ያኔ ሶደርተልየ በምትባል ጎረቤት ከተማ መድኃኒት በማሸግ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ማለዳ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። አባቴ ቀኑን የሚያሳልፉት በመስኮት ወደ ባቡር ጣቢያው መግቢያ እያዩ ነው። አንድ ቀን «ምን እያዩ ነው አባባ?» ብላቸው «ሰው» አሉኝ።

«የምን ሰው?»

«የሚያውቀኝ እንዳለ ብዬ።»

ሳቅሁ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እዚህ ያመጣኋቸው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብዬ ነበር።

አባቴ ሰው ያገኙት በልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። በእኛ ሕንፃ ልብስ የሚታጠበው ምድር ቤት ባለ የጋራ ክፍል ውስጥ ሲሆን እያንዳንዱ ቤት ሰዓቱን አስቀድሞ ይይዛል። ስዊድኖች ብዙ ነገር ይታገሣሉ፤ የማጠቢያ ሰዓታቸው ሲነካ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። አባቴ ይህን ሕግ አያውቁም። እኔን ለማገዝ ብለው ጋቢያቸውን ይዘው ወረዱና ባዶ ያገኙት ማሽን ውስጥ ከተቱት። ሰዓቱ የሌላ ቤት ነበር። እኔ ከሥራ ስመለስ ጋቢው ከቦታው የለም፣ አባቴም የሉም። አንዱ ጎረቤት ሳይጮህባቸው ልድረስ ብዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ክፍሉ ውስጥ የአባቴን ሳቅ ሰማሁ። ከአንድ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ከነጣ ህንዳዊ ሽማግሌ ጋር ሆነው ጋቢውን በአራት ጫፍ ይዘው እያጠፉ ነበር።

«ይሄ ጋቢ ነው!» አሉኝ ህንዳዊው፣ የማላውቀው ይመስል። «እኔ ደሴ አንድ ነበረው። በጣም ሞቃት! አንተ የሱ ልጅ ነህ?»

በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ደሴ ሂሳብ ያስተምሩ ነበር። ያኔ የለመዱት አማርኛ ዛገ እንጂ አልጠፋም። ወንዱንም ሴቱንም፣ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚሉት። እኔን ሴቷን አሉኝ፣ ኋላ ቄሳችንንም አሏቸው። አባቴን ሲሏቸው ደንገጥ አሉ፤ ከዚያ ፊታቸው በራ። ማጠቢያ ሰዓታቸው የተወሰደባቸው እሳቸው ራሳቸው እንደነበሩ ያወቅሁት ከብዙ ቀን በኋላ ነው።

ባለቤታቸው ስላረፉ ሴት ልጃቸው ይዛቸው መጥታ ነበር። የኮምፒውተር መሐንዲስ ናት፤ ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖራሉ። እኔ «ሰር» እላቸው ጀመር፤ በልጅነታችን የህንድ አስተማሪዎቻችንን የምንጠራው እንደዚያ ነበር።

ሰር ሂሳብ ያስተምሩ እንጂ ያደጉት ሳንስክሪት በሚደገምበት ቤት ነው። ሳንስክሪት ለእነሱ ግዕዝ ለእኛ እንደሆነው ነው፤ ገበያ ላይ የሚነገር ሳይሆን በቃል የሚያዝ። አባቴ በልጅነታቸው ዳዊት ስለደገሙ ይህ ወዲያው ገባቸው። አንድ ቀን ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው «በዚያ በእናንተ ግዕዝ ወዳጅ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁ።

«የትኛው ወዳጅ?» አሉ ሰር።

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ሥራ ይኸው ሆነ። ሚትራ አለ፤ ቃል ኪዳን ያለበት ወዳጅ ነው። ቫያስያ አለ፤ እኩያ፣ በአንድ ዘመን የተወለደ። ባንዱ አለ፤ እንደ ዘመድ የሚያስተሳስር። አባቴ ይህን ሲሰሙ «ባንዳ?» ብለው ከወንበሩ ብድግ አሉ፤ ሰር የጣሊያኑን ታሪክ ደሴ ሳሉ ሰምተው ኖሮ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሱህሪድ ደግሞ ልበ መልካም ማለት ነው፤ በሌለህበት ደግ የሚመኝልህ፣ ምላሽ የማይጠብቅ። ሳኻ አብሮህ የሚሄድ ነው፤ ሳትነግረው የሚያውቅህ። አባቴም ዝም ብለው አይቀበሉም። ጓደኛ፣ ባልደረባ፣ ምስጢረኛ እያሉ የኛን ይደረድራሉ። «ባልንጀራ እኮ ከአንድ እንጀራ የቆረሰ ነው፣ ይሄ እናንተ ጋ የለም» ብለው ይኮራሉ። ሰር ደግሞ «አለ፣ ቆይ፣ አለ» እያሉ ጣታቸውን ቀስረው ያስባሉ።

ራት ላይ አባቴ የሚያውቋቸውን ሰዎች በሙሉ በየቃሉ ይመድቡልኛል። የድሮ አለቃቸው የትም አልገቡም። አንዱ አጎቴ ባንዱ ተብለው ሲያበቁ በሳምንቱ ተሻሩ።

«እኔስ የትኛው ነኝ?» አልኳቸው።

«አንቺ ልጅ ነሽ፤ ምን አገባሽ?»

አብሮ አደጋቸውን ግን የት እንደሚያስገቧቸው ተቸገሩ፤ ሁሉም ቃል ይስማማቸዋል። «አስቤ አርብ እነግረዋለሁ» ይላሉ። እኔ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አባቴ ወደ መስኮቱ መሄድ ትተው ነበር።

ከዚያ አንድ ረቡዕ፣ የምሳ እረፍት ላይ ሳለሁ፣ እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። አብሮ አደጋቸው ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብላቸው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አርፈዋል።

«ለአባባ እንዳትነግሪ» አለችኝ።

ባትለኝም አልናገርም ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ልጅ ከሥራ ስትገባ ካፖርቷን እያወለቀች አትናገረውም። በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሲወድቁ የሚይዝ እጅ ባለበት ነው። አገር ቤት ይህ ቀላል ነው። እዚህ በሥራ ቀን ማለዳ ማን ይሰበሰባል? አንዱ አውቶቡስ ይነዳል፣ አንዷ አረጋውያን ቤት ፈረቃ አላት፣ ቄሳችን ራሳቸው ሰንበት ካልሆነ ዮርድብሩ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ነው የሚውሉት። ቅዳሜ ጠዋት ይሁን ተባለ። አንዱ ሽማግሌ ለጎረቤቶች ማስታወቂያ እንለጥፍ ወይ ብለው ጠየቁ፤ እዚህ አገር ድግስ ያለበት ሰው «ጫጫታ ይኖራልና ይቅርታ» ብሎ መግቢያው ላይ ይለጥፋል። ለልቅሶ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ማንም ስላላወቀ ተውነው።

ያስጨነቀኝ አርብ ነበር። የአዲስ አበባ መስመር ተበላሽቷል ብላቸው ያምኑኛል፤ ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነ። ግን ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ከስልኩ ጋር ናቸው፤ ደጋግመው ይሞክራሉ፣ ከሟቹ ልጆች አንዱ አንስቶ ያለቅስባቸዋል። ሐሙስ ከሥራ እንደመጣሁ ወደ ላይ ወጥቼ የሰርን በር አንኳኳሁ። የሆነውን ነገርኳቸውና አርብ ከሰዓት በኋላ አባቴን ከቤት ይዘውልኝ እንዲቆዩ ለመንኳቸው።

«ሞተ?» አሉ። «ያ የሚስቀው?»

«አዎ፣ ሰር።»

ደሴ ሳሉ አንድ የአማርኛ አስተማሪ እናቱ ሞታ ትምህርት ቤቱ በሙሉ እያወቀ፣ ሰውየው ብቻ ሳያውቅ ተማሪዎቹን ሲያስቅ መዋሉን አጫወቱኝ። ያን ቀን ባልደረቦቻቸውን ጨካኞች ናችሁ ብለው ተቆጥተው ነበር። በነጋታው ማለዳ ግን አብረው ሄዱ። ሰውየው ሲወድቅ የያዙት እጆች ስንት እንደነበሩ አዩ።

«እሺ» አሉኝ። «እኔ እይዘዋለሁ።»

አርብ ከሥራ ስመለስ ሁለቱም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ነበሩ። ቀዝቃዛ ቀን ነበር፤ ሰር የአንገት ልብሳቸውን ለአባቴ ሰጥተው እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ። አባቴ ስለ አብሮ አደጋቸው እያወሩ ነበር፤ በልጅነታቸው የሰው አህያ ተውሰው ሳይመልሱ የቀሩበትን ታሪክ። ሰር አስቂኙ ቦታ ገና ሳይደርስ ይስቃሉ፤ ደግሞም በጣም ጮክ ብለው።

«ና፣ ስሚኝ» አሉኝ አባቴ። ከሰር ጋር ሲውሉ እሳቸውም «ና» ማለት ጀምረው ነበር። «ወሰንኩ። እሱ ሳኻ ነው። መስመሩ ሲስተካከል እንዲህ ነው የምለው፤ ሳኻ! ምን ማለት ነው ይለኛል፤ አልነግረውም፣ ሳምንት አስጠብቀዋለሁ።» ወደ ሰር ዞሩ። «ልክ ነው የምለው? ኻውን አሰማኝ እስቲ።»

ሰር «ሳኻ» አሉ።

«ሳኻ» አሉ አባቴ።

ሰር እንደገና አሉላቸው። እኔ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ራት ልሥራ ብዬ ገባሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ሰዎቹ በመጀመሪያው ባቡር መጡ። አባቴ በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ ቄሱን ከፊት፣ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶችን ከኋላ ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። «ማንን ነው?» ብቻ ነው ያሉት። ሲነገራቸው ሊወድቁ ሲሉ እጆች ያዟቸው። እንዲህ ሲያለቅሱ ለእናቴ እንኳ አላየኋቸውም። ከላይ ያለችው ስዊድናዊት ጎረቤት ወርዳ አምቡላንስ ልጥራ ወይ አለች፤ ነገሩን ስነግራት ቆይታ አበባ ይዛ ተመለሰች።

ረፋድ ላይ ሰር መጡ። ጫማቸውን አውልቀው፣ እንደ አገሩ ሰው አንገታቸውን ደፍተው አባቴ አጠገብ ተቀመጡ። አባቴ ትንሽ ጋብ ብሎላቸው «መቼ ነው ያረፈው?» ብለው ሲጠይቁ ረቡዕ መሆኑ ተነገራቸው። ቀኖቹን ወደ ኋላ ሲሄዱባቸው ፊታቸው ላይ ይታየኝ ነበር። ከዚያ ወደ ሰር ዞሩ።

«አንተም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አሉ ሰር።

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ሰር ተነሥተው እስኪወጡም አልመለሱትም።

ሰር በማግስቱም መጡ፣ ከማግስቱም በኋላ። አባቴ ለሌላው ሰው ሁሉ ሲመልሱ ለእሳቸው አልመለሱም። በመጨረሻ ሰር መምጣቱን ተዉት። ልቅሶው ካለፈ፣ ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጨክኜ አነጋገርኳቸው።

«የለመንኳቸው እኔ ነኝ፣ አባባ። የሚቆጡ ከሆነ እኔን ይቆጡ።»

«አንቺማ ልጄ ነሽ፤ ወጋችንም ነው። እኔም በዕድሜዬ ስንቱን ደብቄያለሁ።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እሱ ግን እየሳቀ ለሞተ ሰው የምለውን ቃል አስጠናኝ። እኔ እዚያ እንደ ሞኝ ሳኻ፣ ሳኻ ስል አየኝ።»

«ታዲያ ሰር ምን ያድርጉ? ይነግሩዎት ነበር? አግዳሚ ወንበር ላይ?»

እኔም ተናደድኩ። ያደረግሁት ጥፋት አይመስለኝም፤ ዛሬም ቢሆን እንደዚያው አደርጋለሁ። ያናደደኝ ሁለት ሽማግሌዎች፣ በዚህች ቀዝቃዛ ከተማ ከእርስ በርሳቸው በቀር ሰው የሌላቸው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር መኮራረፋቸው ነው። ቅጠሉ ረገፈ። ሰር በተለመደው ሰዓት ወርደው ወንበሩ ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ፤ አባቴ ወደ መስኮቱ ተመልሰዋል፣ ከላይ ሆነው ያዩአቸዋል። መጋረጃውን ግን አልዘጉትም። ከዚያ በተረፈ የማደርገው አልነበረኝም።

የሰር ልጅ የሁለቱን መኮራረፍ አታውቅም ነበር፤ ሥራዋ ፋታ አይሰጣትም። አንድ ቀን አባቴን አሳንሰር ውስጥ አገኘቻቸውና እሳቸው ከሥራ ዘመናቸው በሚያውቁት እንግሊዝኛ የሆዷን አወራቻቸው። መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ አገር ሊያዛውራት ነው። አባቷን ይዛ መሄድ ስለማትችል ህንድ ወንድሟ ጋ ልትመልሳቸው ነው። ገና አልነገረቻቸውም። «እዚህ ደስ ብሎት የሚኖረው በእርስዎ ነው» አለቻቸው። «ቲኬቱን እስክገዛ አይንገሩብኝ።»

አባቴ ገብተው ካፖርታቸውንና ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገሩኝ። በኋላ ብድግ ብለው ወጡ፤ የእርምጃቸው ድምፅ ወደ ላይ ሲወጣ ሰማሁት። አንዴ ተንኳኳ። የሰር ድምፅ «ግባ፣ ግባ» ሲል ተሰማኝ፤ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ።

የተመለሱት ራት ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ምግቡን አልነኩም።

«ነገሯቸው?»

«አልነገርኩትም። የደሴን ነገር አጫውተኝ አልኩት። አጫወተኝ። እኔም ሳቅሁ።» እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። «ምን እንዳሳቀኝ አላውቅም፤ ብቻ ሳቅሁ።»

ከዚያ ቀና ብለው በቁጣ አዩኝ፣ ጥፋቱ የኔ ይመስል። «ለዚያች ልጅ ንገሪያት። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ፣ በራት መሀል አይነገርም። ጠዋት ትንገረው። እኔ ባለሁበት።»

ለልጅቷ ማስረዳቱ ጊዜ ወሰደብኝ። ለምን ጠዋት፣ ለምን ሰው ፊት፣ የሞተ ሰው ሳይኖር ለምን እንደ ሞት? በእንግሊዝኛ መርዶን መተርጎም አልችልበትም፤ «ብቻቸውን እንዳይሰሙት ነው» አልኳት፤ ይህ ገባት። እስከዚያው ድረስ አባቴ በየቀኑ ወደ ላይ ይወጡ ነበር። ሲመለሱ ድካማቸው ከፊታቸው ይነበባል፤ ወደ መኝታቸው ቀጥ ብለው ይሄዳሉ።

ቲኬቱ የተገዛ ሳምንት፣ እሑድ ማለዳ፣ አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቀሰቀሱኝ። ወጣን። በሩን የከፈቱት ሰር ናቸው፤ ገና ከእንቅልፋቸው መነሣታቸው ነበር፣ ጢማቸውን አልተላጩም። አባቴን በጥቁር ልብስ፣ እኔን በነጠላ፣ ልጃቸውን ከኋላቸው ኮሪደሩ ላይ ቆማ አዩ። ደሴ ኖረዋልና ሰው በማለዳ ተሰብስቦ በር ሲያንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም» አሉ አባቴ። «ግባና ቁጭ በል። ልጅህ የምትነግርህ ነገር አለ።»

ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው፤ ሶፋው ላይ አጠገባቸው ተቀመጡ። ልጅቷ በቋንቋቸው ነገረቻቸው። አባቴ ቃሉ አልገባቸውም፤ ይዘውት የነበረውን እጅ ግን አልለቀቁም። ስትጨርስ እሷም አለቀሰች። ሰር አላለቀሱም። ትንሽ ቆይተው ወደ አባቴ ዞሩ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አሉ አባቴ።

ሰር አዩአቸው፤ ብዙ አዩአቸው። ከዚያ በሌላኛው እጃቸው የአባቴን ጉልበት መታ መታ አደረጉ።

«ከባድ ነው፣ አይደል?» አሉ።

ያን ጊዜ ያለቀሱት አባቴ ናቸው፤ ሰር ያዟቸው።